ለቄሱ በቅሎ ወይስ ሞተር?

በዘንድሮው ዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ የአገሬ ልጆች በስልክ በምንገናኝበት ቡድን ውስጥ አንድ መልእክት ገባ። «የአባታችን በቅሎ ገደል ገባች። እሳቸው በእግዜር ቸርነት ተርፈዋል፤ እግራቸው ግን ተጎድቷል። ሦስቱን ቤተ ክርስቲያን በምርኩዝ እያዳረሱ ነው። እባካችሁ አንድ ነገር እናድርግ።»

ቡድኑ ውስጥ ያለነው ወደ ስድሳ እንሆናለን። አዲስ አበባ ያለን አለን፣ ደሴ ያሉ አሉ፣ ጅዳ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች አሉ፣ ቨርጂኒያ ታክሲ የሚነዱም አሉ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የበቅሎዋ ዋጋ ቃል ተገባ። ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም።

ከቨርጂኒያ አንዱ ወንድማችን «ቆይ፣ እስከ መቼ ነው በበቅሎ የምንኖረው? ጨምረን ሞተር ሳይክል እንግዛላቸው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመው! «ሞተሩ ገደሉን በክንፍ ይወርደዋል ወይ?» ያለ አለ። «ቤንዚኑን ከየት ያመጡታል?» ያለ አለ። «በዚህ ጊዜ በሞተር ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞር ሰው አንተ ማነህ ተብሎ እንደሚጠየቅ ረሳችሁት?» ያለም አለ። አንዷ እህታችን ደግሞ ከጅዳ በድምፅ «እናቴ ሳትቆርብ የሞተችው በቅሎ ስለዘገየች ነው፤ የፈለጋችሁትን ግዙ ግን ፈጣኑን ግዙ» አለች። ከእሷ በኋላ ለተወሰነ ሰዓት ማንም አልጻፈም።

እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ዝም ያልኩት መልስ ስላጣሁ ነው። ክርክሩ ስለ በቅሎና ስለ ሞተር ይመስላል እንጂ ከሥሩ በጣም የቆየ ጥያቄ አለ፦ በተራራ ተቆራርጦ የሚኖርን ሕዝብ ቄስ እንዴት ይድረሰው? ይህን ጥያቄ የኛ አባቶችም፣ ከኛ በጣም የራቁ ሰዎችም በየራሳቸው መንገድ መልሰውታል። ዛሬ ስለ ሦስት መልሶች ላውጋችሁ። በመጨረሻም ስለ መዋጮው የደረስኩበትን እነግራችኋለሁ።

አገሩ

መጀመሪያ አገሩን አስቡት። የኛ መንደር ያለችው ዋድላና ደላንታ በሚባለው የወሎ ደጋ ጫፍ ላይ ነው። ከላይ ሲያዩት ሜዳ ነው፤ ገብስና ምስር የሚበቅልበት። ሜዳው ግን ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። ከሥር በሽሎና ጅጣ ይፈስሳሉ። አፋፍ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን ሰው መጣራት ይቻላል፤ ድምፅ ይደርሳል። ያን ሰው ልጨብጥ ላለ ግን ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ከአምስት ወር በላይ የፈጀባቸው በዚህ አገር ነው። በ1860 ዓ.ም. ገደሉን እየናዱ፣ ድንጋዩን እየፈለጡ፣ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር እየሠሩ መንገድ አወጡ። የጄኔራል ናፒየር ጦርም እነዚያን ሸለቆዎች የተሻገረው በዚሁ መንገድ ነው። በዚህ አገር እንዲያ ያለ ድካም የተደከመበት የመጀመሪያው መንገድ የተሠራው ለመድፍ ነበር ማለት ነው። ለሐኪም ወይም ለቄስ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በኋላ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የወልዲያ–ወረታን መንገድ ሠሩ፤ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚሉት አሉ። ከዚያ አስፋልት እስከኛ መንደር ያለው ግን እንደ ጥንቱ የእግርና የበቅሎ ነው።

ታዲያ በእንዲህ ያለ አገር ክርስትና ከሺህ ዓመት በላይ እንዴት ኖረ?

የመጀመሪያው መልስ፦ ቄሱን መትከል

የኛ አባቶች መልስ ቀላል ነበር። ቄሱን አያመላልሱትም፤ ይተክሉታል። በየአፋፉ፣ በየጉብታው ጽድና ወይራ የከበበው አንድ ደብር አለ። ቄሱ ከዚያው መንደር የተወለደ፣ እዚያው ያገባ፣ እዚያው የሚያርስ ሰው ነው። ቅዳሜና እሑድ ይቀድሳል፣ ሰኞ በሬውን ጠምዶ ማሳው ላይ ይውላል። የንስሐ ልጁ ቢታመም ጥሪው በአጥር በኩል ይሰማዋል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ቀኑ የሚያልፍበት ምክንያት የለም፤ ምክንያቱም ቄሱ ጎረቤት ነው።

እንዲህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሥርዓቱ ራሱ ያስገድዳል። በኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ቄስ ብቻውን አይቀድስም። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ሰው ይፈልጋል፦ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። ደግሞም አንድ ቄስ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አይቀድስም። ስለዚህ ፈጣን ፈረስ የተቀመጠ አንድ ቄስ ከደብር ደብር እየዞረ አምስት መንደር ያስቀድስ ቢባል አይሆንም። ሥርዓቱ የተቀመረው ለሚዞር ሰው አይደለም፤ አብረው ለሚኖሩ አምስት ሰዎች ነው።

እነዚህን አምስት ሰዎች ያኖራቸው ምን ነበር? መሬት። «ሰሞን መሬት» ይባላል። ቃሉን ልብ በሉት። ሰሞን ማለት ሳምንት ነው፤ ተራው የደረሰ አገልጋይ ሰሞነኛ ይባላል። መሬቱን የሚያርስ ሰው በሰሞኑ ያገለግላል፤ ወይም አገልጋይ ያቆማል። አገልጋዩ ወር ጠብቆ ደመወዝ አይቀበልም፤ እህሉን ከዚያው ካገለገለበት መሬት ያገኘዋል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከካህናቱ ጋር የተጣሉትም በዚሁ ነው። በ1848 ዓ.ም. ገደማ ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል፤ ለእነሱ የሚሆን መሬት ይቅርና የተረፈው ለገበሬ ይሰጥ፣ ግብርም ይከፈልበት አሉ። ካህናቱ እምቢ አሉ። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነበው እንደ ንጉሥና እንደ ካህን ጠብ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ከቀሳውስቱ ጋር የከረረው ንጉሥ እንኳ ከአምስት በታች ዝቅ አላለም። አምስቱ ሰው የሁሉም ስምምነት ነበር። ክርክሩ ከአምስቱ በላይ ባለው ላይ ነው።

ርቀቱ የነበረው ሌላ ቦታ ነው

እዚህ ላይ ግን አባቶቻችንን ብቻ ላሞግስ አልፈልግም። ርቀትን ከመንደር አወጡት እንጂ አላጠፉትም። ርቀቱ ወደ ላይ ሄደ።

ቄስ የሚሾመው ጳጳስ ነው። ጳጳሱ ደግሞ ከግብፅ ነበር የሚመጣው። ከአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ፣ ማለትም ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ወርዶ በአትናቴዎስ እጅ ከተሾመበት ከ4ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለመላው አገር የነበረው አንድ ጳጳስ ብቻ ነው። ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል አንቀጽ በፍትሐ ነገሥት ውስጥ ሳይቀር ተጽፎ ነበር።

አንዱ ጳጳስ ሲሞት ሌላው እስኪመጣ መልእክተኛ በረሃ ያቋርጣል፣ ባሕር ይሻገራል፣ ወርቅ ይከፈላል፣ ፖለቲካው ይመቻል አይመችም ይታያል። በዚያ መካከል አዲስ ቄስ አይሾምም። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ጽፎልናል። አቡነ ማርቆስ በአንድ ቀን ከ2,300 በላይ ሰው ክህነት ሲሰጡ አይቷል። ዲቁና ከሚቀበሉት መካከል በእቅፍ ያሉ ሕፃናት ሳይቀሩ ነበሩበት። አልቫሬዝ ይህ ምን ማለት ነው ብሎ ተገርሞ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፦ አቡኑ አርጅተዋል፣ ከእሳቸው በኋላ ሌላ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ከዚህ በፊት አገሩ 23 ዓመት ያለ ጳጳስ ቆይቷል።

እናት ልጇን አዝላ የሳምንታት መንገድ የሄደችው ሥርዓት አላውቅ ብላ አይደለም። ሃያ ሦስቱ ዓመት እንዳይደገም ፈርታ ነው። መንደሯ ያለችው ደብር አምስት ሰው እንዳታጣ ልጇን ቀድማ አስመዘገበች ማለት ይቻላል።

ይህ ችግር ወደኛ ዘመን እስኪጠጋ ዘልቋል። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ በኋላ አቡነ ሰላማ ሣልሳዊ በ1834 ዓ.ም. እስኪገቡ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1881 አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ ማስመጣታቸው ትልቅ ነገር የነበረው ለዚህ ነው። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ ካይሮ ላይ አራት ኢትዮጵያውያን ጵጵስና ተቀበሉ፤ ከነሱ አንዱ ከሰባት ዓመት በኋላ ፋሺስት አዲስ አበባ ላይ በጥይት የገደላቸው አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። በ1951 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷን ፓትርያርክ አገኘች። የላይኛው ርቀት በዚህ ተዘጋ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ርቀት የሚባል ነገር ያለቀለት ይመስል ነበር፤ ጳጳሱ ቅርብ፣ ቄሱ ቅርብ። እንዴት ተመልሶ መጣ? ወደዚያ ከመግባቴ በፊት የሌሎቹን ሁለት መልሶች እንይ።

ሁለተኛው መልስ፦ መንገድ መሥራት

አርጀንቲና ውስጥ ኮርዶባ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። ከከተማው በስተምዕራብ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ የሚወጣ የተራራ ሰንሰለት አለ። ከተራራው ጀርባ ያለው ሕዝብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተረሳ ሕዝብ ነበር። መንገድ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም። እ.ኤ.አ. በ1869 የ29 ዓመቱ ቄስ ሆሴ ጋብሪኤል ብሮቼሮ ወደዚያ ተመደበ። ደብሩ ከ4,300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ምእመኑ ከአሥር ሺህ ትንሽ የሚበልጥ፣ በየሸለቆው የተበተነ።

ብሮቼሮ የካቶሊክ ቄስ ነው። አላገባም፣ ከመንደሩም አልተወለደም፤ ተሹሞ የሄደ ሰው ነው። አንድ እሱ ለሁሉም መድረስ አለበት። ስለዚህ በቅሎ ተቀመጠ። ማላካራ የምትባለዋ በቅሎው ዛሬ በአገሩ ከእሱ ጋር አብራ ትታወሳለች፤ ሥዕሉ ሲሳል እሷም አትቀርም። ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ እንደ ገበሬዎቹ እየተናገረ፣ ለታመመ ሰው ቁርባን ይዞ ሌሊት ገደል ሲወርድ ኖረ።

እኔን የገረመኝ ግን በበቅሎ መዞሩ አይደለም፤ የኛም አባቶች ዞረዋል። የገረመኝ በቅሎ አልበቃኝም ማለቱ ነው። ምእመኑን አስተባብሮ፣ ዶማና አካፋ አስይዞ፣ ራሱም እየቆፈረ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አሠራ። ቤተ ክርስቲያን ሠራ፣ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ፖስታና ቴሌግራፍ እንዲገባ መንግሥትን ለመነ። የባቡር ሐዲድ ተራራውን እንዲሻገር ዕድሜ ልኩን ተከራከረ፤ ሐዲዱን ሳያየው ሞተ። ሕመምተኞችን ሲጎበኝ የሥጋ ደዌ ያዘው፤ ዓይኑም ጠፋ። ያረፈው እ.ኤ.አ. በጥር 1914 ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2016 ቅዱስ ብላ ሰይማዋለች።

የብሮቼሮ መልስ እንዲህ ነው፦ ቄስ የሚሄድበት መንገድ ለቄስ ብቻ አይሆንም። በዚያው መንገድ ምጥ የያዛት ሴት ትወሰዳለች፣ እህል ገበያ ይወጣል፣ መምህር ይገባል። ቴዎድሮስ ለመድፍ መንገድ እንዳወጡት ሁሉ፣ እሱም ለቁርባን መንገድ አወጣ።

ሦስተኛው መልስ፦ ሞተር መስጠት

የቨርጂኒያው ወንድማችን ሐሳብም ባለቤት አለው፤ ወደ መቶ ዓመት ይጠጋዋል።

ፓውል ሹልተ የሚባል ጀርመናዊ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ አገልግሎ፣ በኋላ መነኮሰ፣ ቄስም ሆነ። ኦቶ ፉርማን የሚባል ጓደኛው ዛሬ ናሚቢያ በምንላት አገር ሰሜን ለወንጌል ሥራ ተልኮ ሳለ በወባና በሳንባ ምች ታመመ። ሐኪም ቤቱ የቀናት መንገድ ነው፤ መጓጓዣው ደግሞ ዘገምተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ሞተ። ሹልተ ይህን ሲሰማ በልቡ የቀረው ጓደኛው መሞቱ ብቻ አልነበረም። በጦርነት ጊዜ ሰው ለመግደል በየሰማዩ የሚበር አውሮፕላን ሞልቶ ነበር፤ ሰው ለማዳን ግን አንድ መኪና ጠፋ።

በ1927 ሚቫ የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ በሩቅ አገር ለሚያገለግሉ ቀሳውስትና ደናግል መኪና፣ ሞተር ሳይክል፣ ጀልባ፣ አውሮፕላን መግዛት። ሹልተ «አብራሪው ቄስ» እየተባለ ዝነኛ ሆነ። በ1936 ሂንደንበርግ በተባለው ግዙፍ የአየር መርከብ ላይ በሰማይ ላይ ቀደሰ። በ1938 በካናዳ ሰሜን ጫፍ በበረዶ ውስጥ ታሞ የነበረን አንድ ቄስ በአውሮፕላን በርሮ አወጣው። ጓደኛውን ማዳን ያልቻለው ሰው ሌላውን አዳነ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1949 የኦስትሪያ ሚቫ ተመሠረተ። ገንዘብ የሚሰበስቡበትን ዘዴ ስሰማ ወደድኩት፦ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ በመንገደኞች ጠባቂ በቅዱስ ክሪስቶፈር በዓል ሰሞን፣ ሹፌሮች ያለ አደጋ ለነዱት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሳንቲም ክፋይ ያዋጣሉ። በሰላም የገባ ሰው መንገድ ለሌለው ሰው ይከፍላል።

ይህ መልስ ለነሱ ሥርዓት በትክክል ይሠራል። አንድ ቄስ ብቻውን ሊቀድስ ይችላል፤ በፈቃድ በአንድ እሑድ ከአንድ ቦታ በላይም ይቀድሳል። ስለዚህ ፍጥነቱን በጨመርክ ቁጥር የሚያገለግላቸው መንደሮች ይጨምራሉ። ሞተሩ ቄሱን ያበዛዋል።

የኛን ቄስ ግን ሞተር አያበዛውም። በሞተር ሦስቱም ደብር በጠዋት ቢደርስ በአንዱ ብቻ ነው የሚቀድሰው፤ እሱም ሁለተኛው ቄስና ሦስቱ ዲያቆናት ካሉ።

የተተከለው ሲነቀል

አሁን ወደ ራሳችን። አንድ አባት ሦስት ደብር ለምን ያዳርሳሉ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጭሰኛው ነፃ ወጣ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም እንዲያሳንሰው አልፈልግም። ነገር ግን በዚያው ቀን ሰሞን መሬትም አብሮ ቀረ። ቄሱ እንደ ማንኛውም ገበሬ ድርሻውን አገኘ፤ አገልግሎቱን ከእርሻው ጋር ያሰረው ገመድ ግን ተበጠሰ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ጥረት የተጀመረው ሰበካ ጉባኤ፣ ቤተ ክርስቲያን በምእመኗ መዋጮ እንድትተዳደር መንገድ ከፍቶ ነበር። ከተማ ላይ ሠራ። ምእመኑ ብዙ ነው፣ ገንዘብ አለው። ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሠላሳ ቤት ግን አምስት ሰው በመዋጮ አያኖርም።

የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዲያቆኑ ወደ ከተማ ሄደ። በኛ ሰፈር አሁን የማውቃቸው ከሃያ የማያንሱ ዲያቆናት አሉ፤ አዲስ አበባና ደሴ ውስጥ። ጥበቃ የሚሠራ አለ፣ ቀን ሥራ ላይ የዋለ አለ፣ ከተማ ደብር ተቀጥሮ ደመወዝ የሚበላም አለ። አልፈርድባቸውም፤ እኔ ራሴ ሄጃለሁ። የገጠሩ ደብር ግን በየተራ ተዘጋ። ያልተዘጋው ከተዘጋው ጎረቤቱ ጋር ቄስ ተጋራ።

ስለ አያቴ ልንገራችሁ። ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተያያዘ ነው ማለት ይቻላል። የንስሐ አባቷ የነበሩት ሽማግሌ ቄስ ቤታቸው ከሷ ቤት በታች ነበር፤ በየበዓሉ ጠላ ስትጠምቅ ድምፃቸው ከደጅ ይሰማል። እሳቸው አረፉ። ልጃቸው ዲያቆን ነበር፤ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ የንስሐ አባቷ ከወንዝ ማዶ ያሉት፣ ዛሬ በቅሎ የምንገዛላቸው አባት ሆኑ። አንድ የክረምት ሌሊት ታመመች። ልጅ ተላከ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ አባ የደረሱት በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው። የደረሱትም ለፍትሐት ነው።

በዚያ ሌሊት ሞተር ሊደርስ አይችልም ነበር። ፈጣን በቅሎም አትሻገርም ነበር። የሚደርሱት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ በአጥር በኩል የሚሰሙት ቄስ። እሳቸው ደግሞ ተተኪ አልነበራቸውም።

እንግዲህ ሳናውቀው ምን እንደሆንን ተመልከቱ። አባቶቻችን ቄስ ተከሉ፤ እኛ ቄስ አመላላሽ ሆንን። ሥርዓታችን ግን አሁንም የተተከለውን ይጠብቃል። የብሮቼሮን ችግር ወርሰናል፤ የብሮቼሮን መንገድ ግን አልሠራንም። የሹልተን ሞተር እንመኛለን፤ ሞተሩ ለኛ ቅዳሴ ግማሽ መልስ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን እንግዛ?

ክርክሩ ሲበዛ ለአባ ደወልኩ። ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታው ላይ መውጣት አለባቸው፤ በታመመ እግራቸው ወጡ መሰለኝ፣ ትንፋሻቸው ይሰማል። «አባ፣ በቅሎ ይሻልዎታል ወይስ ሞተር?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ሞተሩን ማን ያስተምረኛል ልጄ? በቅሎ ብትገዙልኝ እግዜር ይስጥልኝ። በስሎ የተገራ ይሁን፤ ወጠጤ አትላኩብኝ።» ቀጥለው ትንሽ ዝም አሉና «ግን እኔ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከኔ በኋላ በበቅሎዋ ላይ ማንን ታስቀምጣላችሁ?» አሉኝ።

ለቡድኑ ይህን ቃላቸውን እንዳለ ላክሁት። ለወንድማችንም በግሉ ጻፍኩለት፤ ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ቻይና መንገድ ዳር ላሉ ደብሮች፣ ደጋው ሜዳ ላይ ላሉት፣ ሞተር እውነተኛ መፍትሔ ነው። የታመመን ለማናዘዝ፣ ቀንዲል ለመቀባት፣ ቀብር ለመድረስ አንድ ቄስ ይበቃል፤ እዚያ ላይ ፍጥነት ዋጋ አለው። የጅዳዋ እህታችንም ያለችው ይህንኑ ነው። ገደል ለገደል ግን በቅሎ ናት። ቤንዚን አትጠይቅም፣ መለዋወጫ አትፈልግም፣ በጨለማ መንገዱን ከባለቤቷ ይልቅ ታውቃለች፣ ከተያዘች ከሃያ ዓመት በላይ ታገለግላለች።

ስለዚህ በቅሎዋ ትገዛ። ኮርቻና ልጓሟም አብሮ። በዚህ አሁን ሁላችንም ተስማምተናል።

እኔ ግን አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ለናንተም የማቀርበው ይህንኑ ነው። የሞተሩንና የበቅሎውን የዋጋ ልዩነት አንመልሰው። በመንደሩ አሁን ግብረ ዲቁና የተማሩ፣ ገና ያልሄዱ ሦስት ልጆች አሉ። በሚቀጥለው መስከረም የሚሄዱ ናቸው፤ ቦርሳቸው ተዘጋጅቷል። ስድሳ ሰው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢያወጣ ለሦስቱ ልጆች መተዳደሪያ፣ ለአንዱም ጥንድ በሬ ይሆናል። በአዋጅ የቀረውን ሰሞን መሬት መመለስ አንችልም፤ መመለሱንም የሚፈልግ የለም። በስልካችን ግን ሰሞን መግባት እንችላለን። እያንዳንዳችን በዓመት አንድ ሳምንት ሰሞነኛ እንሁን። ከስድሳው ሰው ሃምሳ ሁለቱ ብቻ ቢስማሙ ዓመቱ ይሞላል።

እስካሁን የተስማሙት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ለበቅሎዋ በአንድ ሰዓት የሞላው ገንዘብ ለልጆቹ በሦስት ሳምንት አልሞላም። ይገባኛል፤ በቅሎ ተገዝታ ፎቶዋ ይላካል፣ ሰው ያያታል፣ ደስ ይለዋል። ሳይሄድ የቀረ ልጅ ግን ፎቶ የለውም።

እናንተም የየራሳችሁ መንደር አላችሁ፤ የየራሳችሁም ቡድን። በሚቀጥለው ጊዜ «ለቄሱ መጓጓዣ» የሚል መልእክት ሲገባ፣ ከማዋጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ አባ ስንት ደብር ነው የሚያዳርሱት? ለምን? መልሱን ከሥር ጻፉልኝ፤ የየአገሩን አሰባስቤ እመለስበታለሁ።

ቸር እንሰንብት።